ርካሹን ሰሌዳ ፍለጋ

ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ አቡዳቢ ሙሳፋህ ውስጥ፣ የጓደኛዬ የኢንጂነር ዳንኤል ላፕቶፕ አልነሳ አለ። የገደለው ራሱ ነው። ፈታትቶ አቧራውን ካጸዳ በኋላ፣ የፋብሪካውን ማስነሻ ሶፍትዌር አጥፍቶ ማንም ሊያሻሽለው የሚችለውን ክፍት ሶፍትዌር ጫነበት።

እንዲህ ዓይነት ሰው አልገጠማችሁም? ሶፍትዌር ያለ ክፍያ የለመደ ሰው ለዕቃ ሲከፍል ያመዋል። ላፕቶፑ ምን እንደነካው በዩኤስቢ ለስልክ የሚናገር ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለ። አዲሱ እዚያው ሙሳፋህ ይሸጣል፤ ዳንኤል ግን "ዘረፋ ነው!" ብሎ ርካሽ ፍለጋ ገባ።

በኮሮናው ምክንያት ከቤት የምትማረው ልጁ ሐና ተጨነቀች። "ዳዲ፣ ፈተናዬ እኮ ሰኞ ነው!"

ያገለገለ ሰሌዳ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ በምትርቀው አል አይን ከተማ፣ ስልክ ጠጋኙ ሰይድ ጋ ተገኘ። እሁድ ጠዋት በእኔ መኪና፣ ማስካችንን አጥልቀን ሄድን። በሁለት ሜትር ርቀት ዋጋ መከራከር ጩኸት ይጠይቃል።

"ወንድሜ፣ ቀንስ እንጂ!" አለ ዳንኤል።

"ኸላስ፣ በቃ! በነዳጁ እኮ አዲስ ትገዛ ነበር!" አለ ሰይድ።

ነዳጁ የእኔ ነበር።

ዳንኤል ገዝቶ ቤት እንደገባ ሰሌዳውን ከላፕቶፑና ከስልኩ ጋር አገናኘ። ስልኩ ላይ "ሜሞሪ አልተገኘም" የሚል ጽሑፍ ታየ።

"ሰይድ የተበላሸ ሸጠልኝ!"

ባለቤቱ ሰናይት ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የማስክ ካርቶን አነሳች፤ ሥሩ አንድ ቀጭን ዕቃ ነበር። "ዳኒ፣ ስታጸዳ ያወለቅከው ይሄ ምንድን ነው?"

ሜሞሪው ነበር።

ሰኞ ሐና በላፕቶፑ ተፈተነች። ማክሰኞ ዳንኤል ደወለልኝ፤ ሰሌዳውን ለሰይድ ሊመልስ መኪናዬን ይፈልጋል።