የጣና ነፋስና የቀበሌያችን ድምፅ ማጉያ

ሥልጣን የያዘ ሰው ፊት «አይቻልም» ከማለት ይልቅ «ትንሽ ይቻላል» ማለት የባሰ ጣጣ አለው። «አይቻልም» ካላችሁት ተቆጥቶ ይተዋችኋል፤ «ትንሽ ይቻላል» ካላችሁት ግን «ታዲያ ለምን ብዙ አይቻልም?» ይላል። ይህን የተማርሁት በደርግ ጊዜ፣ ባሕር ዳር የኤሌክትሪክ መምህር ሳለሁ ነው።

ጣና ዳር ያለው ሰፈራችን መብራት አልገባለትም ነበር። ከአሮጌ የጭነት መኪና የተፈታ፣ ሲሽከረከር ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ዲናሞ አገኘሁ። ጎረቤቴ ጀልባ ሠሪው አቶ ሰይድ ነፋስ የሚያሽከረክራቸውን ክንፎች ከእንጨት ጠረቡ፣ እኔ ሽቦውን አገናኘሁ፤ ምሰሶ ላይ ሰቀልነው። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ሲነሣ አንዲት አምፖል ቦግ አለች። ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ። እኔም፣ ምን ልደብቃችሁ፣ ፀሐይን የሠራሁ መሰለኝ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አለሙ አምፖሏን ትክ ብለው አዩና፣ ለአብዮት በዓል የሚመጡት ካድሬ በዚሁ ኃይል በድምፅ ማጉያ እንዲናገሩ ወሰኑ። ኃይሉ ለዚያ አይበቃም ብል፣ «ማነው የገደበው?» አሉኝ።

በዚያ ዘመን ይህ ጥያቄ የሰው ስም ይፈልግ ነበር። እኔ ነፋሱን ጠቆምሁ። ነፋስ በግማሽ ሲደክም ኃይሉ በግማሽ አይቀንስም፤ የሚተርፈው አንድ ስምንተኛው ብቻ ነው። አጭር ክንፍም ጥቂት ነፋስ ብቻ ይይዛል። ዲናሞውም የራሱ ልክ አለው፤ ከልኩ በላይ ካሠሩት ሽቦው ግሎ ይቃጠላል። ጓድ አለሙ ይህን ሁሉ ሰምተው፣ መታዘዝ የሚችለውን መረጡ። «ክንፉ ይርዘም!»

ረዘመ። በማግስቱ ብርቱ ነፋስ መጣ፤ ክንፉ አገሳ፣ ዲናሞው ጨሰ። ጓድ አለሙ ጭሱን ትተው እኔን እያዩ፣ «አሻጥር እንዳይሆን!» አሉ።

በዚህች ቃል ተወስዶ የቀረ ስንት ሰው ነበር! ባለቤቴ ፊቷ ዐመድ መስሎ፣ ዱርቤቴ ከተማ ያለው ወንድሟ ዘንድ እንድደበቅ ለመነችኝ። እኔን ግን እልህ ያዘኝ። ብሸሽ አሻጥረኛ ነኝ ብዬ መፈረሜ አይደለም? አቶ ሰይድም መጥረቢያቸውን ይዘው መጡና፣ «መምህር፣ ያቃጠለው የኔ ክንፍ ነው። አብረን እናስነሣዋለን» አሉ።

የተቃጠለውን ሽቦ ፈትቼ ጣቴ እስኪላጥ አዲስ ጠመጠምሁ። እሳቸው ከፊተኛው የሚረዝም፣ ከኋለኛው የሚያጥር ክንፍ ጠረቡ። ነፋሱ ከልክ ሲያልፍ ክንፉን ወደ ጎን የሚያዞር ጅራትም አበጀንለት። ያገኘነው ባትሪ ግን አርጅቶ ኃይል አያጠራቅምም፤ ነፋሱ ከቆመ ድምፁም ይቆማል።

በበዓሉ ቀን ነፋሱ መጣ። የካድሬው ድምፅ ሐይቁ ላይ ታንኳ የሚቀዝፉት ድረስ ተሰማ። ተናገሩ፤ ተናገሩ። «በመጨረሻም» ብለው እንደ አዲስ ጀመሩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነፋሱ ድንገት ጸጥ አለ፤ ድምፅ ማጉያውም ቃል ሳይጨርስ ተዘጋ። አለቀልኝ አልሁ። ሕዝቡ ግን ንግግሩ ያለቀ መስሎት ብድግ ብሎ ጭብጨባውን አቀለጠው! ካድሬው መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥሎ ፊታቸው በራ፤ እጅ ነሥተው ወረዱ።

ጓድ አለሙ ወደ እኔ ሲመጡ «ነፋሱ ነው» ልል አፌን ከፈትሁ። እሳቸው ግን እጄን ጨብጠው፣ ካድሬው እንዲህ ያለ ጭብጨባ የትም አግኝተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ከዚያ ግራ ቀኝ አይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«የሚመጣው ሳምንት ተናጋሪው እኔ ነኝ» አሉ። «ንግግሬ ጥሩ ቦታ ሲደርስ ነፋሱን አቁምልኝ።»