ለሐጂ ትራክተር ማበጠሪያ ስመርጥ

ወንድ ልጅ የማያውቀውን ነገር ሲጠይቁት አገጩን ማሸት ይወዳል። አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? «አላውቅም» ማለት እንዴት ይከብዳል ጃል! እኔም ካርቱም ስኖር ዐረብኛውንም፣ ሙቀቱንም፣ አቧራውንም ለምጃለሁ። ይቺን አንዲት ቃል ብቻ ሳልለምዳት ቀረሁ። ምን እንዳመጣችብኝ ላጫውታችሁ።

የሐጂ ኢብራሂም አትክልተኛ ነኝ። ሐጂ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቤታቸው ጀብራ፣ የሎሚ እርሻቸው ደግሞ ሶባ ነው። ሁላችንም በጦርነቱ ከተሰደድንበት ተመልሰን እርሻውን ብናየው፣ ምን ልበላችሁ፣ የሎሚው ግማሹ ደርቋል። መካከል ላይ ያለው ሜዳ ደግሞ ድንጋይ፣ የጡብ ፍርስራሽ፣ ሽቦ፣ የጠርሙስ ስባሪ… ምን የሌለ አለ? ሐጂ ግን «አልሐምዱሊላህ፣ መሬቱ አለ» አሉና አንዲት ያገለገለች ትንሽ ትራክተር ገዙ። ትንሽ ስላችሁ የምር ትንሽ ናት። ከሩቅ ለሚያያት የልጅ መጫወቻ ትመስላለች።

የሐጂን ቤት ቀጥ አድርገው የያዙት እትዬ ዘይነባ ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ በዚያ ቤት ምግብ እያበሰሉ ልጃቸውን ኢማንን እዚያው አሳደጉ። ኢማን አማርኛዋ እንደ ነገሩ ነው። እናቷን «እማዬ፣ ያላ፣ ቶሎ ና!» ብላ ትጠራለች። ቁም ነገር ላይ ግን አትታማም። እሷ ልትዳር ሆነና ለሰርጉ የሚሆን አዳራሽ ጠፋ። ሐጂም «ኢማን እጄ ላይ ያደገች ልጅ ናት። ሰርጓ ሶባ፣ ሎሚዎቹ መሃል ይሁን» አሉ። እትዬ ዘይነባ በደስታ አለቀሱ። ከዚያ ሄደው ሜዳውን አዩትና እንደገና አለቀሱ። ሰርጉ ስምንት ቀን ነው የቀረው። ሙሽራ የጠርሙስ ስባሪ ላይ ትጨፍራለች እንዴ?

ሐጂ ጠሩኝና «ጌታሁን፣ ሂድ ሙሽት ገዝተህ ና» አሉኝ። ሙሽት በዐረብኛ ማበጠሪያ ነው። ዓይኔ ወደ ራሳቸው ሄደ። የሐጂን ራስ ብታዩት አንድ ፀጉር የለበትም። ሳቄ አመለጠኝና ተቆጡ። ለካ ማበጠሪያው ለትራክተሯ ኖሯል! ከኋላዋ የሚታሰር፣ ብዙ የብረት ጥርስ ያለው፣ መሬቱን እየፋቀ ድንጋዩን የሚሰበስብ።

«ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

አገጬን አሸት አሸት አደረግሁ። «ምን እሱን!» አልኩ።

አል-ሳሃፋ ሰፈር የእርሻ ዕቃ የሚሸጡ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ አሉ። ሱቃቸው በር ላይ ሁለት ማበጠሪያ ቆሟል። አንደኛው ቀይ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ሰርግ ድንኳን የተንጣለለ፣ ጥርሱ እንደ ጣቴ የወፈረ። ሁለተኛው ጠበብ ያለ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ጥርሱ ቀጠን ብሎ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ ከኋላው ሁለት ትናንሽ ጎማ ያንጠለጠለ። እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትመርጣላችሁ? ሽማግሌው «ትራክተራችሁ ምን ያህላል?» ሊሉኝ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ «ኸላስ፣ በቃ፣ ቀዩን!» አልኩ። ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ ይሏል ይኸ ነው።

ቦክሲ የምንላት ፒካፕ ላይ ጭኜ ሶባ ደረስኩ። በሩ አላስገባም አለ። ማበጠሪያው ከበሩ ይሰፋል! ጎረቤት ተጠርቶ በስድስት ሰው ሸክም በአጥር ላይ አሳለፍነው። ይኸ የመጀመሪያው ውርደት ነው።

ከትራክተሯ ኋላ አሰርኩት። ሐጂ ቆመው ያያሉ። እትዬ ዘይነባም ከነልጃቸው። ሞተሩን አስነስቼ ማበጠሪያውን ከመሬት ላነሳው ስል፣ እሱ አልተነሳም፤ የተነሳችው ትራክተሯ ናት! የፊት ጎማዎቿ አየር ላይ ሆኑ። እኔ እላይዋ ላይ ሰማይ ሰማዩን እያየሁ ቀረሁ። ኢማን «ወላሂ ፈረስ!» ብላ አጨበጨበች።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው። አፍንጫዋ ላይ ሁለት ጆንያ አሸዋ አስሬ ቀጠልኩ። ያ ወፍራም ጥርስ ማበጠር የሚባል ነገር አያውቅም። ቆፈረ እንጂ! ሃያ እርምጃ ሳልሄድ ከመሬት ውስጥ አንድ ነገር «ቀጭ» አለ። የውኃ ቧንቧው ነው። ውኃው ፈነዳና ድንጋይ የነበረው ሜዳ ድንጋይና ጭቃ ሆነ።

ሐጂ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ሎሚዎቹ ሄዱ። ቢሰድቡኝ በተሻለ። እትዬ ዘይነባ ግን ቀሚሳቸውን ከጭቃው ሰብሰብ አድርገው መጡና፣ «ጌታሁን፣ እውነቱን ንገረኝ። ይኸን ነገር ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። በዚያ ዓይን ፊት ማን ይዋሻል?

«አላውቀውም፣ እትዬ» አልኩ።

«በል ነገ አብሬህ እሄዳለሁ» አሉኝ።

በማግስቱ ቧንቧውን የሚጠግን ሰው ሶባ ትተን፣ ቀዩን ማበጠሪያ እንደገና በአጥር አሳልፈን ጭነን ሄድን። መንገዱ ረጅም ነው፤ እትዬ ዘይነባ አንዴም አልወቀሱኝም። ብቻ ከመነሳታችን በፊት ነጠላቸውን አውጥተው የበሩን ስፋት ለክተው ቋጠሩበት። ቀጥሎ የትራክተሯን የኋላ ጎማዎች፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ለኩና ሌላ ቋጠሮ ጨመሩ። ምን እያደረጉ እንደሆነ አልገባኝም።

ሱቁ ስንደርስ ሽማግሌው ቀዩን አይተው አልተደነቁም። እትዬ ዘይነባ በዚያ በወሎኛ ዐረብኛቸው ይጠይቁ ጀመር። ይኸ ጥርስ ለምን ታጠፈ? ድንጋይ ሲመታ እንዲለጠጥና እንዲመለስ ነው። እነዚህ ትናንሽ ጎማዎችስ? ጥርሱ ጠልቆ እንዳይገባ ደግፈው ይይዙታል። ድንጋዩን የት ያደርሰዋል? ማበጠሪያውን ሰያፍ አዙራችሁ ስታስሩት ወደ ጎን ይገፋዋል፣ በመስመር ይከምረዋል። እኚያ ዝምተኛ ሰው አንድ በአንድ ሲያስረዱ ዋሉ። በመጨረሻ እትዬ ዘይነባ ነጠላቸውን ዘረጉ። ትንሹ ከበሩ ጠበብ፣ ከጎማዎቹ ደግሞ ሰፋ ይላል። «የጎማዋን ዱካ ራሱ ይሰርዝላታል» አሉ ሽማግሌው ደስ ብሏቸው።

ንዴቴ መጣና «ትናንት ይኸን ሁሉ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ መች ጠየቅኸኝ?» አሉኝ።

ቀዩን መልሰው ትንሹን ሰጡን። ጭቃው እስኪደርቅ ሁለት ቀን ጠበቅን። ከዚያማ ምን ልንገራችሁ! ትራክተሯ ቀስ እያለች ስትሄድ አፈሩ በጥርሶቹ መሃል ይንሸራተታል፤ ድንጋዩ፣ ሽቦው፣ ስባሪው እየተንከባለለ ወደ ዳር ይሰለፋል። ወደ ኋላዬ ዞሬ ባየሁ ቁጥር መሬቱ በመስመር በመስመር አምሮ ተኝቷል። ሰው በሥራው እንደዚያ ሲደሰት ዜማ ይመጣበታል፤ እኔም ዘፈንኩ። እትዬ ዘይነባና ኢማን የቀረውን ጥቃቅን ስባሪ በእጃቸው ለቀሙ። ሐጂ ራሳቸው ጫማቸውን አውልቀው ከዳር እስከ ዳር ተራመዱበትና «ተማም፣ ማለፊያ!» አሉ። ቧንቧው ከተሰበረ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃላቸው ነው።

ሰርጉ ደመቀ። ኢማን በባዶ እግሯ ጨፈረች። እናቷ ለሦስተኛ ጊዜ አለቀሱ።

ይኸ ታሪክ እዚህ ቢያልቅ «ሳታውቅ አትምረጥ» የሚል ምክር ይወጣው ነበር። ግን አላለቀም። ለሰርጉ የመጡት የሶባ ሰዎች ሜዳውን አይተው ቀኑ። እነሱም መሬታቸው ፍርስራሽ ነው። ታዲያ ትራክተር፣ ፓምፕ፣ ማረሻ ሊገዛ የሚሄድ ሁሉ አስቀድሞ እኔን ማማከር ጀመረ። እኔም ደስ እያለኝ ይኸን ግዙ፣ ያን ግዙ እላለሁ። ሁሉም ተመልሶ ያመሰግነኛል። ዕቃው ሁሉ ሠራ! ለካ ባለሙያ ነኝ እያልኩ ስኩራራ፣ አንድ ቀን እትዬ ዘይነባ በር ላይ አንዱን ሲሸኙ ሰማኋቸው።

«ጌታሁንን ሳትጠይቅ እንዳትገዛ» ይሉታል። «እሱ የመረጠውን ትተህ ሌላውን ግዛ።»

ምን ቅር ይለኛል? ምክሬ እስከ ዛሬ አንድም ሰው አላሳሳተም።