ዳለቻ በእግሯ የሄደችበት ችሎት

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ሥራ ያለው ይሂድ፣ ሥራ የፈታ ይቀመጥ። በዚያ በድሮ ዘመን፣ እንስሳት አፍ አውጥተው በሚነጋገሩበት፣ ብሶባቸውም እንደ ሰው መካሰስ በጀመሩበት ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ተራራ ሥር ዳለቻ የምትባል አህያ ትኖር ነበር።

ዳለቻ የባላምባራስ ከርከሮ ሠራተኛ ነበረች። ባላምባራስ ከወንዙ ዳር ጨዋማ አፈር በክራንቻቸው እየቆፈሩ ያወጣሉ፤ ዳለቻ በዘንቢል ተሸክማ ሜዳው ድረስ ታደርሳለች፤ የአገሩ እንስሳ ሁሉ ደግሞ እየመጣ ይልሳል። ለምን ባላምባራስ እንደተባሉ አትጠይቁኝ። ማንም አልሾማቸውም። ራሳቸው ናቸው አንድ ቀን ብድግ ብለው ባላምባራስ ነኝ ያሉት፤ ሌላውም ጨው አማረውና ዝም አለ።

ታዲያ እኚህ ሰውዬ፣ ከርከሮ ማለቴ ነው፣ ሲቆፍሩ አንድ አመል ነበራቸው። ከላይ ጀምሮ መቆፈር ጊዜ ይፈጃል፣ ጣፋጩም አፈር ያለው ከታች ነው ብለው ሁልጊዜ ከሥር ከሥሩ ይሰረስሩ ነበር። ከላይ ተንጠልጥሎ የቀረው አፈርና ድንጋይ ማን ላይ እንደሚወርድ አስበውት አያውቁም። ለምን ያስቡታል? እሳቸው ቆፍረው ዞር ሲሉ፣ ከሥር ገብታ የምትጭነው ዳለቻ ናት። አንድ ቀን ጠዋት ዳለቻ ቀና ብላ ብታይ የገደሉ ግድግዳ ተሰንጥቋል። ጌታዬ፣ ተሰንጥቋል ብላ ነገረቻቸው። "አንዲት ዘንቢል ብቻ" አሏት። አንዲቷ ዘንቢል ሳትሞላ ናዳው ወረደና የኋላ ቀኝ እግሯን ሰበረው።

አብሯት የሚሠራው በሬ ቦራ ነው ጎትቶ ያወጣት። እግሯን በሁለት እንጨት መሐል አድርጎ፣ በልጥ ጥፍር አድርጎ ያሰረላትም እሱ ነው።

በዚያ አገር አንድ ደግ ሕግ ነበር። ሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ እስኪድን ድረስ፣ አሠሪው ጠዋት አንድ እስር፣ ማታ አንድ እስር ድርቆሽ ይሰጠዋል። የመንደሩ ሽማግሌ ጎሹ መጥቶ እግሯን አየ፤ ሦስት ወር ትተኛ፣ ድርቆሹም ሳይጓደል ይድረሳት ብሎ ወሰነ። ወቅቱ በጋ ነበር። በአቅራቢያው ያለው ሣር አልቆ፣ ለመጋጥ ሁለት ኮረብታ መሻገር ያስፈልጋል። ድርቆሹ ከመጣላት ዳለቻ ተኝታ ትድናለች። ከቀረባት ወይ በረሃብ ትሞታለች፣ ወይ ባልዳነ እግር ኮረብታ ስትወጣ ለዘለዓለም ትሰበራለች። መሸከም የማትችል አህያ ምን እንደሚደርስባት ደግሞ ዳለቻ በሌሎች አይታዋለች። እና ሦስት ወር፣ ሦስት ወር ብቻ፣ እያለች ቀኗን ትቆጥር ነበር።

ባላምባራስም ይቆጥሩ ነበር፤ እሳቸው የሚቆጥሩት ግን እስሩን ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንጀታቸው አልችል አለ። ተኝታ የምትበላ ሠራተኛ ማየት እንቅልፍ ነሳቸው። እሳቸውም ቀኑን ሙሉ ተኝተው ነበር የሚበሉት፤ ያ ግን ሌላ ነገር ነው። ወዲያው ጃርትን ጠበቃ ያዙ።

ጃርት በሙያው የተመሰገነ ነበር። ለመጻፍ ሲፈልግ ከጀርባው አንድ እሾህ ነቅሎ በዛፍ ቅርፊት ላይ ይሞነጭራል። ይግባኙን እንዲህ አድርጎ አዘጋጀው፦ አህያዋ ከድሮም ታነክስ ነበር፤ ናዳውን ያመጣችው ራሷ ከሥሩ ስለተነፈሰች ነው፤ ደግሞም የታመመ ምግብ ይጠላል፣ እሷ ግን ድርቆሹን አንዲት ሰበዝ ሳታስቀር ትበላለች። ቦራ ይህን ሲሰማ ሳቅ አፈነው። ዳለቻ ግን አልሳቀችም። በእሷ ላይ ሲጻፍ የሚያስቅ ነገር አልታያትም።

የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል ተባለና ጥንብ አንሳው ተላከላት። ከእሱ በላይ የእንስሳ አካል የሚያውቅ የለም፤ የስንቱን ከውስጥ አይቷል። አጠገቧ አርፎ ሁለት ጊዜ ዞራት፣ ዓይኗን አየ፣ ሆዷን በምንቃሩ ነካ ነካ አደረገ። እግሬን ነው የተሰበርኩት አለችው። እሱን አልመለከትም አላት። በእሱ ሙያ ፍጥረት ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ የሞተና ገና ያልሞተ። በቅርፊቱ ላይ "ገና ናት" ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ትንሽ ቅር እያለው በረረ።

ከዚያ መጥሪያው መጣ። ይግባኝ የሚሰማው ዳኛ ዋልያው ነበር፤ ችሎቱም ተራራው ጫፍ ላይ፣ ከገደሉ አፋፍ ነው። ንጹሕ አየር ለፍርድ ይጠቅማል ተብሎ ነው እዚያ የተሠራው። ዋልያ ጨዋ ዳኛ ነበር፣ መማለጃ አይበላም፣ ፊት አይቶ አያዳላም። ብቻ ለእሱ ገደል ማለት ለእኔና ለእናንተ የቤታችን ደጃፍ እንደማለት ነው። መጥሪያው በሰባት ቀን ውስጥ በአካል እንድትቀርብ፣ ካልቀረበች በሌለችበት እንደሚወሰንባት ይላል። ዳለቻ እግሬ ተሰብሯልና ዳኛው ይውረዱልኝ፣ ካልሆነም እስክድን ቀጠሮው ይራዘምልኝ ብላ ላከች። ችሎቱ ወርዶ አያውቅም የሚል መልስ መጣላት።

ምስክር ፈለገች። ናዳውን ያየ ቦራ ነው። ቦራ ግን መሬት መሬቱን እያየ እንዲህ አላት፦

"እህቴ፣ አይቻለሁ። ብቻ ማየቴን ለማንም እንዳትነግሪብኝ። የምበላው ከእሳቸው እጅ ነው።"

ዳለቻ አልፈረደችበትም። እሷም እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ስንቱ ነገር ዝም ብላለች። ልጡን ብቻ ጠበቅ አድርጎ እንዲያስርላት ለመነችው፤ አሰረላትና በነጋታው ጉዞ ጀመረች።

አራት ቀን ፈጀባት። በመጀመሪያው ቀን እያነከሰች፣ በሁለተኛው ቀን እየወደቀች፣ በሦስተኛው ቀን በጉልበቷ እየዳኸች ወጣች። ልጡ ላላ፤ አጥንቱ ሲፋጭ ለራሷ ይሰማት ነበር። ያ ጎሹ ተኝታ ይጠገን ያለው እግር ነው እንግዲህ። ልመለስ እያለች ቆመች፤ ተመልሳ የምትበላው እንደሌለ ስታስብ ደግሞ ቀጠለች። በአራተኛው ቀን ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። ቦራ ነበር። ባላምባራስ ከርከሮን በጀርባው አዝሎ፣ አረፋ እየደፈቀ አለፋት። ባላምባራስ ከላይ ሆነው እንደምን አደርሽ አሏት፤ ጨዋ ናቸው። ቦራ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

ችሎቱ ጋ ስትደርስ ባላምባራስ ቦራን የቀኑ ሥራ እንዳይጓደል ብለው ወዲያው ወደ ታች መልሰውት ነበር። ዋልያው አንዲት ጠባብ ድንጋይ ላይ አራት እግሩን ሰብስቦ ቆሟል። ጥንብ አንሳው ለምስክርነት መጥቶ ከዛፍ ላይ ተቀምጧል። ዳለቻ መንገዱን ሙሉ ስለ ናዳው የምትናገረውን ስታጠና ነው የመጣችው፤ የተሰነጠቀውን ግድግዳ፣ አንዲት ዘንቢል የተባለውን፣ ሁሉንም በተራ በተራው ይዛዋለች። ጃርት ግን ስለ ናዳው አንድም ነገር አላነሣም።

"ወደዚህ ችሎት በምን መጣሽ?" አላት።

"በእግሬ።"

"በስንቱ?"

"በሦስቱ። አራተኛውን እየጎተትኩ።"

"የጎተትሽውስ፣ አብሮሽ መጥቷል?"

"የት ይቀራል ብለህ ነው?"

"ክቡር ዳኛ፣ በአራቱም እግሯ መምጣቷ ይመዝገብልኝ" አለና ጃርት ተቀመጠ።

ዋልያው ብዙም አላሰበም። እኔ ይህን ተራራ በየቀኑ እወጣዋለሁ አለ፤ ይህን ተራራ የወጣ እንስሳ ሜዳ ላይ ዘንቢል መሸከም ያቅተዋል ብሎ ችሎቱ አያምንም። ሐኪሙም ገና መሆኗን መስክሯል። ስለዚህ አህያዋ ድናለችና ድርቆሹ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም፤ ተራራ ስትወጣ የከረመችባቸው የአራቱ ቀናት ድርቆሽም ለአሠሪዋ ይመለስ፤ ሥራዋንም አሁኑኑ ትጀምር። ጃርት ይህን ሁሉ በቅርፊት ላይ ጽፎ ለባላምባራስ አስረከባቸው።

ዳለቻ አፋፉ ላይ በበቀለው የጓሳ ሣር ውስጥ ዘፍ ብላ ወደቀች። ተናደደች፤ በሕይወቷ እንዲህ ተናዳ አታውቅም። ቢሆንም በትሕትና ነው የጠየቀችው።

"ክቡር ዳኛ፣ ባልመጣስ ኖሮ?"

"በሌለሽበት ይወሰንብሽ ነበር።"

"ታዲያ ከመምጣትና ከመቅረት የትኛው ይሻለኝ ነበር?"

"ችሎት ምክር አይሰጥም" አለ ዋልያው። እውነቱን ነው፤ እንዲህ ያለ ደንብ ነበር።

ባላምባራስ ይህን ጊዜ የሚሰሙት ነገር አልነበረም። ፍርዱን ካገኙ በኋላ ረሃብ ተሰምቷቸው፣ ከአፋፉ ሥር አንድ ጣፋጭ የሥራሥር ሽታ አፍንጫቸው ገብቶ ነበር። ቅርፊታቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ እንደ ልማዳቸው፣ ከተንጠለጠለው ድንጋይ ሥር ከሥር ከሥሩ መቆፈር ጀመሩ። ዳለቻ ከተኛችበት ሆና ድንጋዩ አናት ላይ ስንጥቅ ሲሮጥ አየች። ዝም ብትልስ? ትንሽ ዝም አለች፤ አልዋሽም። በኋላ ግን አላስቻላትም።

"ባላምባራስ፣ ተሰንጥቋል" አለች።

"አንዲት ሥር ብቻ" አሉ።

አንዲቷ ሥር ሳትነቀል ድንጋዩ ወረደና የኋላ ቀኝ እግራቸውን ሰበረው።

የጮኹት ጩኸት ወንዙ ድረስ ተሰማ ይባላል። እግሬን፣ ያላችሁ ድረሱልኝ አሉ። ዋልያው ከልቡ አዘነ፤ አቤቱታ ካለዎት በሰባት ቀን ውስጥ ወርደው ያጽፉ፣ ከዚያ በአካል ተመልሰው ይቅረቡ አላቸውና በገደሉ ላይ ዘሎ ዘሎ ተሰወረ። ጃርት ይህ እንግዲህ ሌላ መዝገብ ነው፣ ሌላ እሾህ ይፈልጋል ብሎ ቁልቁለቱን ተያያዘው። ጥንብ አንሳው ወርዶ ባላምባራስን ሁለት ጊዜ ዞራቸው። ገና ናቸው አለ። ወደ ዳለቻም ሄዶ ሁለት ጊዜ ዞራት፤ እሷም ገና ነበረች። ቸኩሎ አያውቅምና በሁለቱ መካከል ክንፉን አጥፎ ተቀመጠ።

ባላምባራስ ዙሪያቸውን ተመለከቱ። ቦራን ራሳቸው ናቸው የመለሱት። ከዳለቻ በቀር ማንም የለም። ዳለቻ ተኝታ፣ አፏ የደረሰበትን ጓሳ ቀስ እያለች ትግጣለች፤ በጋው ከገባ ወዲህ እርጥብ ሣር ሲያጋጥማት የመጀመሪያዋ ነው።

"አንቺ፣ ተነሽና ተሸክመሽ አውርጂኝ" አሏት። "መዳንሽ ተፈርዷል። ዛሬ ሥራ ላይ ነሽ።"

ዳለቻ የያዘችውን ሣር እስክትውጥ አልመለሰችላቸውም። ከዋጠች በኋላ፣ አጠገባቸው አፈር ለብሶ የወደቀውን ፍርድ በአፍንጫዋ አመለከተች።

"እኔ የዳንኩት እዚያ ቅርፊት ላይ ብቻ ነው፣ ባላምባራስ" አለች። "እሱ ይሸከምዎት።"