በቁሙ ያለቀስኩለት የሂራይዝ አባት

እሑድ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ሪችመንድ። ማንም ካልሞተበት ቤት ለቅሶ ደረስኩ!

አትሳቁ። ገና ነው።

ነገሩ የስልሳዎቹ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ኦክላንድ፣ አንድ ላይብረሪ ውስጥ የመጻሕፍት ካርድ እደረድራለሁ። ዓይናፋር ስለነበርኩ በዚያ ሁሉ ከተማ አንዲት ጓደኛ ብቻ ነበረችኝ፤ አብራኝ የምትሠራው ሂራይዝ።

አንድ ቀን ስሟ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳት።

"የእናቴ አገር ቋንቋ ነው፤ ዌልሽ። ላይመለስ የሄደን መናፈቅ ማለት ነው።"

ላይመለስ የሄደ!

እናንተ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ? እኔ ካሳነሽ ነኝ፤ ከእኔ በፊት ለሞተው ወንድሜ ካሳ። እኛ ዘንድ ስም እንዲሁ አይወጣም። ስለዚህ ደመደምኩ፦ አባቷ እሷ ሳትወለድ ሞቷል። መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው።

"ሰንደይ ሪችመንድ ቤታችን ነይና እናቴን ተዋወቂያት" አለችኝ። ሃያ ምናምን ዓመት ቢያልፈውስ፣ ለቅሶ ሳይደርሱ ምሳ ይበላል እንዴ?

ጥቁር ቀሚስ። ነጠላ፣ ጥለቱ ወደ ላይ። በእጄ ድፎ ዳቦ።

እናትየው በር ከፈቱ። እጃቸውን ይዤ፣ አውቶብስ ውስጥ ያጠናሁትን እንግሊዝኛ ለቀቅኩት፦ "እግዚአብሔር ያጽናዎት። ባለቤትዎ ደግ ሰው ነበሩ።"

እንባዬም መጣ። የወንድሜን ጨምሬ አለቀስኩ።

ሴትዮዋ ደንግጠው ወደ ጓሮ ጮኹ፦ "ቶም! ምን ሆንክ?"

አንድ ግዙፍ ሰውዬ ሽርጥ ታጥቆ፣ የሥጋ መቆንጠጫ ይዞ ብቅ አለ። "ምንም! ሥጋው ትንሽ አረረ እንጂ።"

ሂራይዝ አፏን ይዛ ቀረች። እየተንተባተብኩ የስሟን ትርጉም ሰምቼ ምን እንዳሰብኩ ነገርኳቸው።

"የኔ ልጅ፣" አሉ እናትየው፣ "አጠራሩ ደስ ስላለኝ እኮ ነው ያወጣሁላት!"

ብቻ አጠራሩ!

ቶም ዳቦዬን እየገመጠ "የሞትኩ ቀን ይህቺን ልጅ ጥሩልኝ፤ ከእናንተ እንዲህ የሚያለቅስልኝ የለም" አለ።

ቤቴ እንደገባሁ የሥራ መልቀቂያ ጻፍኩ። ሂራይዝን በምን ዓይኔ ልያት?

ጠዋት ደብዳቤውን ይዤ ላይብረሪ ስደርስ ጠረጴዛዬ ላይ የተረፈው ዳቦ ቅቤ ተቀብቶ ጠበቀኝ። ሂራይዝ አጠገቡ ቆማለች።

"አባዬ ደህና አድሯል" አለችኝ። "ያንቺስ ስም ምን ማለት ነው?"

ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት።

"ምንም" አልኳት። "እናቴ አጠራሩ ደስ ብሏት ነው።"

ምን ላድርግ? በሁለት ቀን ሁለት ለቅሶ አይበዛም?