ካሜራ ያየው የእርጎ ቅል

በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ ማለት ፊት ማለት ነበር። ሰው ታጥቦ፣ ፀጉሩን ቅቤ ተቀብቶ፣ ኮት ተውሶ፣ ሰዓት ካለው ጎረቤት ሰዓት ለምኖ፣ ትንፋሹን ውጦ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዕድሜ ልኩን ያበላውን ያጠጣውን የቤት ዕቃ ግን «እስቲ እሱንም አንሡልኝ» ያለ ሰው አልሰማሁም። እናንተስ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔም ብሆን ፀሐይ አሳሳተችኝ እንጂ አላልኩም ነበር።

ዳንግላ ስልክ ቤት ተቀጥሬ፣ እትየ የሻረግ ከሚባሉ ባልቴት ግቢ ተከራይቼ እኖር ነበር። ቤታቸው መስኮት የለውም። አንድ ማለዳ እሳት ልጭር ስገባ፣ ፀሐይ በበሩ ስንጥቅ ሾልካ ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለውን፣ እርጎ የሚንጡበትን ቅል አግኝታዋለች። ሁልጊዜ ተሸፍኖ የሚውለው ቅል ያን ዕለት ጨርቁ ታጥቦ አጥር ላይ ተሰጥቷል። ጢስ ያጠቆረው ሆዱ ወርቅ መስሏል፤ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ የተሰፋበት ክር ሳይቀር አንድ በአንድ ይታያል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ቅል እኮ ነው! ፍሙን ረስቼ፣ ካሜራዬን በሩጫ አምጥቼ፣ በርጩማ ላይ አስደግፌ ቀጭ አደረግሁት።

እትየ የሻረግ ከጓሮ ሲመለሱ ደረሱብኝ። አገሩን የሚያውቅ ያውቃል፤ ወተትና ቅቤ ከሰው ዓይን ይሸሸጋል። እኔ ደግሞ የማይርገበገብ የመስታወት ዓይን ደቀንኩበት። ቅቤውን የሚያጠራቅሙት እንጅባራ ላለች አራስ ልጃቸው ነው፤ የመጀመሪያ ወሊዷ ነውና ባዶ እጅ ከመሄድ ሞት ይሻላቸዋል።

በማግስቱ፣ በዚያ በዳንግላ የማለዳ ብርድ፣ ቢንጡት ቢንጡት ቅቤው እምቢ አለ።

«በላኸኝ ልጀ!» አሉ እንባቸው እየወረደ። «በል እንትፍ በልበት።»

እንትፍ አልኩ።

«እሱስ?» አሉ ካሜራውን እያሳዩኝ።

«እሱ አፍ የለውም፣ እትየ።»

«ዓይን ሰጥቶ አፍ መንሳት ምን የሚሉት ሥራ ነው!»

ስለ ካሜራውም ተፋሁ። ከዚያ ቅሉን ይዘው በር ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ ቁጭ ብለው እንደገና ይንጡ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ቅቤው ተሰብስቦ ውስጡ ዱብ ዱብ አለ። ያወጣው የፀሐይዋ ሙቀት ይሁን የእኔ ምራቅ አልተከራከርኩም። አራሷ ቅቤዋን አግኝታለች።

ፊልሙ አዲስ አበባ ታጥቦ ሲመለስ ፎቶግራፉን ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃን ይዘውት ወጡ። ስፌቱን በጣታቸው ተከተሉት፤ የሰፉት ለካ እናታቸው ናቸው።

«ይች የእኔዋ ናት? እንዲህ ያለች ቆንጆ ኖራለች ከእኔ ጋራ?»

ከዚያ በኋላ ያችን ቅል በአክብሮት ሳያት ኖርኩ።

በሳምንቱ እሳት ልጭር ስገባ ፎቶግራፉ ምሰሶው ላይ ተለጥፏል፤ ግን አይታይም። የቅሉን ጨርቅ ገፈው ሸፍነውበታል፤ ቅሉ ከጎኑ ራቁቱን ተንጠልጥሏል።

«ቅሉስ፣ እትየ?»

«እሱንማ ማን ልብ ይለዋል፣ ልጀ!»