መምህር አስናቀው የሸፈተባቸውን ገጽ ድል እንደ ነሡ

በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ ባለነጩ ጋዋን መምህር አስናቀው በመካነ ሰላም ጠመኔ በጨበጡ በዐሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥር የሆነው ይህ ነው። በሥነ ሕይወት መጽሐፍ ውስጥ አንድ ገጽ ሸፍቶባቸው ይኖር ነበር፤ እርሱም የባክቴሪያ ፕሮቲን የጂን ፊደል ግልበጣ የሚጀመርበትን ስፍራ ከዲኤንኤ ላይ እንዴት እንደሚለይ የሚናገረው ገጽ ነው። መምህሩም የእንቁራሪትን ሆድ የከፈቱ፣ የአተርን ዘር እስከ ቅድመ አያቱ የቆጠሩ ጀግና ሲሆኑ፣ እዚያ ገጽ በደረሱ ቁጥር «ይህን እቤታችሁ አንብቡት» የሚል አዋጅ እያስነገሩ በጎን ያልፉ ነበር፤ አልገባቸውማ።

ወእምዝ ሰብሌ የተባለች፣ ከወግዲ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር ተማሪ፣ እቤቷ ሦስት ጊዜ አንብባው ኖሮ ተነሥታ ጠየቀች፤ የዲኤንኤው ፊደል ከአራት ሚሊዮን በላይ ሆኖ፣ ክሩም እንደ ገመድ ተገምዶ ሳለ፣ ዓይን የሌለው ፕሮቲን መጀመሪያውን በምን ያውቀዋል ብላ። መምህሩ ዓርብ እመልሳለሁ አሉ። ልጅቱ ያሉትን ሁሉ አምና የምትጽፍ ናትና፣ ዓርብ ባዶ እጃቸውን ቢገቡ ዳግመኛ እንደማታምናቸው ዐውቀው እጅግ ፈሩ።

ረቡዕ ዕለት በገጹ ላይ ዘመቱ። የቤተ ሙከራው ቁልፍ ያዥ፣ ስማቸው የሚባለው፣ በዲኤንኤ ፈንታ የቃጫ ገመድ ተሸክሞ ተከተላቸው፤ በመምህራን ማረፊያም ሰፈሩ። ፕሮቲኑ ለማንበብ አስቀድሞ ገመዱን መፍታት አለበት ብለው ነበርና ከጫፉ ቢተረትሩት፣ ተወሳስቦ የስማቸውን እግር ከወንበሩ ጋር አሰረው፤ ሠራዊቱም ድል ተነሥቶ ተመለሰ።

ሐሙስ ዕለት ተክዘው በከብት ገበያ ሲያልፉ የበግ ደላላውን አራጋውን አዩ። አራጋውም ገዢውን በክንዱ ይዞ ከበግ ወደ በግ ይመራል፤ ሥጋውን ለማወቅ ቆዳ አይገፍም፤ በጠጉሩ ላይ በአንድ እጁ ሽንጡን፣ በሌላው ላቱን ይዳብሳል፤ ሽንጡ ሞልቶ ላቱ ካነሰ ያልፈዋል፤ ሁለቱ ሲገጥሙለት ይቆማል፤ ገዢውን ከበጉ ጋር አገናኝቶም ሌላ ገዢ ፍለጋ ይሄዳል። መምህሩ ገመዱን አስታወሱ። ከዚያም በገዛ እጃቸው ዐሥራ አንድ በግ ዳብሰው አንድም ሳይገዙ ቢመለሱ፣ ባለበጎቹ እኚህን ሰውዬ ምን ነካቸው ተባባሉ።

ዓርብ ዕለት በክብር ገቡ፤ በቀኛቸው አራጋው፣ በግራቸው አዲስ ገመድ የያዘው ስማቸው፣ በኋላቸው የአራጋው ሙክት፣ በፊታቸው ስድሳ አንድ ተማሪዎች። እንዲህም ሲሉ አዋጅ ነገሩ፦

«ስሙ! ሲግማ የሚባለው ፕሮቲን ደላላ ነው፤ ገልባጩን ፕሮቲን እየመራ ይሄዳል። ገመዱን ሳይፈታ በውጭ ዳብሶ ሁለት ምልክት ይፈልጋል፤ ሁለቱ በልካቸው ተራርቀው ሲገኙ ይቆማል። በሁለተኛው ምልክት ላይ ክሩ በቀላሉ የሚላቀቅ ነውና እዚያ ይከፈታል፤ ግልበጣው መንገድ ሲይዝ ደላላው ለቆ ይሄዳል። እኔም ይህን እስከ ትናንት አላውቀውም ነበር።»

ሙክቱ ጠመኔ ያኝክ ነበር። ሰብሌ ጽፋ ስትጨርስ እንደገና እጇን አወጣች፤ ባክቴሪያዋ ሙቀት በርትቶባት ሌላ ጂን ብትፈልግ፣ የሚመራው ያው ደላላ ነው ወይስ ሌላ ይመጣል ብላ። የመምህሩ ዓይን በሩን አየ። ነገር ግን አልሸሹም፤ «አላውቅም፤ ነይ አብረን እንፈልገው» ብለው ከጎናቸው ወንበር ሳቡላት።

ስለዚህም የዐሥራ አንድ በጎች ዳባሽ፣ የቃጫ ገመድ ምርኮኛ፣ በስድሳ አንድ ተማሪና በአንድ ሙክት ፊት አለማወቃቸውን ያወጁ ደፋሩ መምህር አስናቀው ክብራቸው ከፍ ይበል፤ ሰብሌ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከበፊቱ ይልቅ ታምናቸዋለችና።