ጉም ያልበተነው ስብሰባ

ዕድገትን ከሩቅ የሚያይ ሰው የሌለበት ቀበሌ የለም። ከኩልመስክ በላይ ባለው ደጋ እኚህ ሰው ክቡር ሊቀመንበር ሰይፈ ሥላሴ ናቸው። ለቅሶ ቤት ገብተው እንኳ «እግዜር ያጽናችሁ» ካሉ በኋላ «ዕድገታችን ግን ቀጥሏል» ሳይሉ አይወጡም። በረዶ ገብሱን ሲመታውም ለዕድገት የተከፈለ መሥዋዕትነት ነው። ስብሰባ ሰርዘው አያውቁም፤ ያልተባለውንም ተባለ ብለው ለወረዳ አያቀርቡም።

ባንችይርጋ ግን የእሳቸውን «ዕድገት» ትፈራለች። በሴፍቲኔት ስንዴ የምትኖር ብቸኛ ሴት ናት። ዘንድሮ ወረዳው «ራሷን ችላለች፣ ትመረቅ» ብሏታል። መመረቅ ማለት ስንዴው ቀረ ማለት ነው። የሚያድናት የሕዝብ ተቃውሞ ብቻ ነው።

ስብሰባው የተጠራው እርከን በሚሠራበት አፋፍ ላይ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሰዎቻቸው ካለቁባቸው ወና ቤቶች አጠገብ ነው። ሊቀመንበሩ ንግግር ጀመሩ፤ ጉሙም ወረደ። የጎረቤቱ ፊት የተሰወረበት ሁሉ ሹልክ እያለ ወደ ቤቱ ሄደ። ንግግሩ ግን አልቆመም። ጉዳይዋ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ባንችይርጋ ብቻ ከወናዎቹ ሥር ድንጋይ ላይ ኩርምት ብላ ቀረች።

«ወይዘሮ ባንችይርጋ ይመረቁ ተብሏል። ተቃውሞ አለ?»

ስለ ራሷ መናገር አሳፈራት። ከዚያ ከወናዎቹ መሀል ድንጋይ ተንኳኳና የወፈረ የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

«እኔ እቃወማለሁ! ኧረ ምኗን ይዛ ነው የምትመረቀው? አንድ በግ እንኳ የላትም! እኛን አይታችሁ አትማሩም?»

ክው አለች። በዚያ ቤት ሰው ከኖረ ዘመን አልፏል። ልታማትብ እጇን ስታነሣ ጉሙ ገለጥ አለ፤ ክቡር ሊቀመንበር የፈረሰውን ካብ ተሻግረው፣ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ፣ እሷን ሳያዩ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ አየቻቸው።

«የሕዝቡን ድምፅ ተቀብለናል፤ አይመረቁም» አሉ በራሳቸው ድምፅ፣ ሁሉም እንደሄደ እርግጠኛ ሆነው።

እንዲህ ያለ ቀጣፊ አይታ አታውቅም፤ ወደደቻቸው። ጉሙ ተመልሶ ሲከድናት አላስቻላትም፤ አጨበጨበች።

ክቡር ሊቀመንበር ደርቀው ቀሩ። ጭብጨባው የመጣው ከወናዎቹ በኩል ነው። ቆባቸውን አውልቀው ወደ ቤቶቹ እጅ ነሡ።

«እናንተም ስለተገኛችሁ እናመሰግናለን» አሉ። «ያኔ መንግሥት አልደረሰላችሁም። ይቅር በሉን።»

ባንችይርጋ እጇን ቀስ አድርጋ አወረደች።